አንድ ጣሳ፣ አራት አልጋ

መጀመሪያ የመጣብኝ ብርድ ነው። ቀትር ላይ ነበር። ፀሐይ በመስኮት ገብታ እግሬ ላይ አርፋለች፤ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤያለሁ። ጥርሴ ግን ይንገጫገጭ ጀመር። አልጋው ከእኔ ጋር ተንቀጠቀጠ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ብርዱ ለቀቀኝና ትኩሳት ተተካ፤ ከዚያ በግራ ጎኔ፣ ከወገቤ ከፍ ብሎ፣ አንዳች ነገር ይጠዘጥዘኝ ጀመር። አጎንብሼ ከአልጋዬ ሥር ያለውን ጠርሙስ አየሁ። ጠዋት ጥርት ብሎ የነበረው ሽንቴ ደፍርሶ እጣቢ መስሏል። የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል። ኦፕራሲዮን ከሆንኩ አምስተኛ ቀኔ ነበር።

ስሜ አስካለ ነው። ያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ኢተያ ላይ ልብስ እሰፋ ነበር። ጣሊያን ከወጣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ከማህፀኔ አጠገብ እጢ አለ ተባልኩና ባለቤቴ በቀለ አሰላ አምጥቶ አስተኛኝ። ሐኪም ቤቱ ትንሽ ነበር፤ ዛሬ የለም፤ ስሙንም አልጠራም። እጢዬን ያወጣው ዶክተር ፈረንጅ ነበር። እጁ የተባረከ ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ስፌቴ ሳይመግል ደርቋል። ልሞት የደረስኩት ይዤው በመጣሁት በሽታ አይደለም። እዚያው በሰጡኝ ነው።

ይህን የምጽፈው ዛሬ ሐኪም ቤት ተኝታችሁ፣ ወይም የራሳችሁን ሰው አስተኝታችሁ፣ ቱቦና ጠርሙስ አጠገባችሁ ላላችሁ ነው። ተናድጄ ነው የምጽፈው። ረጋ ያለ ሰው የጻፈው ከፈለጋችሁ ሌላ አንብቡ።

በኦፕራሲዮኑ ጊዜ ፊኛዬ ውስጥ ቀይ የላስቲክ ቱቦ አስገቡልኝ። ካቴተር ይባላል። ጫፉ ከአልጋው ሥር አፉ ክፍት በሆነ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፤ ሽንት በራሱ ይወርዳል። በሦስተኛው ቀን ተነስቼ እስከ በሩ ድረስ መሄድ ችዬ ነበር። ሽንት ቤት መሄድ የሚችል ሰው ቱቦ ምን ያደርግለታል? መርፌ የሚወጋንንና ቁስል የሚያጥብልንን ድሬሰር ለምን አይወጣም ብዬ ጠየቅኩት።

«ዶክተሩ አውጣ አላለኝም» አለኝ።

ዶክተሩ ደግሞ፣ በኋላ እንደታወቀው፣ የወጣ መስሎት ነበር።

በሴቶቹ ክፍል ስምንት አልጋ አለ። ቱቦ የገባልን አራት ነን። ጠዋት ጠዋት ድሬሰሩ አንድ ጣሳ ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያዋን ሴት ጠርሙስ ጣሳው ውስጥ ይገለብጣል፤ የቱቦውን ጫፍ በእጁ ይዞ ያራግፈዋል፤ መልሶ ጠርሙሱ ውስጥ ይከተዋል። ወደ ሁለተኛዋ ያልፋል። ከዚያ ወደ እኔ። ቱቦው ሲደፈን በስሪንጅ ውሃ ይገፋበታል፤ ስሪንጁ ያው አንዱ ነው። በመካከል እጁን ሲታጠብ አንድ ቀን አላየሁም። ክፍሉ ውስጥ መታጠቢያ አልነበረም። ሳሙና ግን ነበር። ለኦፕራሲዮን ክፍል ብቻ ነው ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። የድሬሰሩን ስም አልጽፍም፤ ልጆቹ በሕይወት አሉ።

ከእኔ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ አዴ ከዲጃ ነበሩ። አዴ የሚባለው ለተከበረች ሴት ነው። የጮሌ አገር ሰው ናቸው፤ ከበቅሎ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ እግራቸው በገመድና በድንጋይ ተወጥሮ ተኝተዋል። መነሳት ስለማይችሉ ለእሳቸው ቱቦው አስፈላጊ ነበር። አማርኛ አይናገሩም። እኔ ኦሮምኛ የለመድኩት ገበያ ላይ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚያናግራቸው አልነበረም። ስለ ላሞቻቸው ያወሩኛል። እያንዳንዷን በስም ያነሷታል።

በዚያው በሦስተኛው ቀን ጠዋት ድሬሰሩ የሌላዋን ሴት ጠርሙስ ገልብጦ፣ እጁ ገና እርጥብ እንደሆነ፣ ወደ አዴ ከዲጃ ቱቦ ሲዘረጋ እሳቸው የእጁን አንጓ ቀጨም አድርገው ያዙት።

«ሀርካ ኬ ዺቀዹ» አሉት። እጅህን ታጠብ ማለት ነው።

ድሬሰሩ ወደ እኔ ዞረ። «ምን ትላለች ይህች?» አለኝ። የእናቱ እኩያ ናቸው፤ «ይህች» ይላቸዋል።

ፈራሁ። ስፌቴን የሚያጸዳው እሱ ነው። መርፌ የሚወጋኝ እሱ ነው። ቢቀየመኝስ ብዬ አሰብኩ። «ደህና አደርክ እያሉህ ነው» አልኩት።

ሳቀ። እጃቸውን አላቀቀና ቱቦውን ያዘ። አዴ ከዲጃ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ያልኩትን ባያውቁም ያላልኩትን አውቀዋል። ድሬሰሩ ሲወጣ በቀስታ እንዲህ አሉኝ፦ «እኛ ላም ስናልብ እንኳ እጃችንን እንታጠባለን። እኔ ከላም አንሳለሁ?»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ብርዱ በመጣብኝ ቀን ድሬሰሩ ግንባሬን ነካና «ወባ ነው» አለ። አሰላ ላይ ወባ ከየት መጣ? ከመኝታዬ ጭላሎ ተራራ ይታየኛል፤ ደጋ ነው፤ ቆላ ወርጄ አላውቅም። ይህንኑ ነገርኩት። የወባ ኪኒን አዋጠኝ። አስታወከኝ። ስፌቴ የሚበጠስ መሰለኝ። በማግስቱም ኪኒን። ብርዱ በቀን ሁለቴ ይመጣል። ቱቦው ውስጥ እንደ አሸዋ ያለ ነጭ ነገር ይወርድ ጀመር። በግራ ጎኔ መተኛት አልቻልኩም። አዴ ከዲጃም ያንኑ ሰሞን ይንቀጠቀጡ ጀመር። እሳቸው አይጮሁም። ብርድ ልብሳቸውን በጥርሳቸው ይነክሳሉ።

በቀለ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ሁሉን ነገርኩት። ደግ ሰው ነው፤ ግን የሐኪም ቤት ግድግዳ ያስፈራዋል። «እባክሽ ሰዎቹን አታስቀይሚያቸው። እነሱ እጅ ላይ ነው ያለሽው» አለኝ። እሱ ራሱ ምን እንዳለ አልሰማም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን እጅ ብቻ ነው የማየው።

በሰባተኛው ቀን አቶ ለማ የሚባል የላቦራቶሪ ሠራተኛ ደም ሊወስድ መጣ። ዝምተኛ፣ ጢሙን የሚላጭ፣ ነጭ ጋውኑ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው። ደሜን ወስዶ ሊሄድ ሲል ቆመ። አፍንጫውን ወደ ጠርሙሴ አቀና። ጎንበስ ብሎ አየና ትንሽ ብልቃጥ አምጥቶ ከሽንቴ ቀዳ። ከሰዓት በኋላ ተመለሰ።

«ወባ የለብዎትም። ሽንትዎ ውስጥ ግን መግል አለ። ጀርም አይቻለሁ» አለኝ።

«ምን ዓይነት ጀርም?»

«በማይክሮስኮፕ ብቻ ስሙን ማወቅ አይቻልም። ጀርሙን በሳህን ላይ ማሳደግ አለብኝ።»

የአዴ ከዲጃንና የሌሎቹን ሁለት ሴቶች ሽንትም ወሰደ።

በማግስቱ ዶክተሩ ዙር መጣ። ዶክተሩ አማርኛ አያውቅም፤ የሚያስተረጉመው ድሬሰሩ ነው። ለእሱው ፊት ለፊት ነው የተናገርኩት። «ንገርልኝ» አልኩት፤ «በአንድ ጣሳና ባልታጠበ እጅ አራታችንን ይነካካናል በልልኝ። ቱቦው ለምን እንደማይወጣ ጠይቅልኝ። አዴ ከዲጃም ይንቀጠቀጣሉ በልልኝ።» ድሬሰሩ ወደ ዶክተሩ ዞሮ ጥቂት ቃል ተናገረ። ዶክተሩ ፈገግ አለ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» አለኝ፤ የሚያውቃት አማርኛ እሷ ናት። የፔኒሲሊን መርፌ አዞልኝ አለፈ። የአዴ ከዲጃን አንሶላ ሳይገልጥ።

ደነገጥኩ። ሰምቶ ነው የሳቀው? አቶ ለማ ዙሩ ሲያልፍ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ቆይቶ ብቻውን መጣ። ፊቱ ተለውጧል።

«ድሬሰሩ ለዶክተሩ ምን እንዳለው ያውቃሉ?» አለኝ።

«ምን አለው?»

«ስለ ሕክምናው ታመሰግንዎታለች አለው።»

ከአልጋዬ ዘልዬ ልወርድ ምንም አልቀረኝ። ንዴት ከትኩሳት ጋር ሲደባለቅ እንዴት እንደሚያደርግ ያልታመመ አያውቀውም። ጆሮዬ ውስጥ ደሜ ይደልቃል። ልሰድበው አፌን ስከፍት አዴ ከዲጃን አየሁ። ተኝተዋል፤ ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «ደህና አደርክ እያሉህ ነው።» እኔም ያው አድርጌያለሁ። እሱ በእኔ ላይ ያደረገውን እኔ በእሳቸው ላይ ቀድሜ አድርጌዋለሁ።

አቶ ለማን ለመንኩት። «አንተ እንግሊዝኛ ትችላለህ። አንተ ንገርልኝ።»

መሬት መሬት አየ። «ድሬሰሩ አለቃዬ ነው። በሰው ሥራ ገባህ እባላለሁ። ውጤቱን በወረቀት ጽፌ አስቀምጣለሁ።»

«ወረቀቱን ማን ነው ለዶክተሩ የሚሰጠው?»

የሚሰጠው ድሬሰሩ ነበር።

በእሱም ተናደድኩ። «እንግዲያው ቃሉን ስጠኝ» አልኩት፤ «ጣሳ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው? እጅስ? አልታጠበም ማለትስ?» አንድ በአንድ ነገረኝ። አንድ ዓይነት፣ ያው ለማለት ሴም። ጣሳው ካን። እጆች ሃንድስ። መታጠብ ዎሽ። ሁለት ቀን ሙሉ እያንቀጠቀጠኝ እንደ ዳዊት ደገምኳቸው።

አሥረኛው ቀን። ዶክተሩ ገባ። ተራዬን አልጠበቅሁም። የአልጋዬን ብረት ይዤ ቆምኩ። ጣሳው መሬት ላይ ነበር። ጠቆምኩት።

«ሴም ካን!» አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። አራቱን አልጋ በጣቴ ቆጠርኩ። «ሴም ካን! ሴም ሃንድስ! ኖ ዎሽ!»

ድሬሰሩ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለ። ትኩሳቱ ነው የሚያስለፈልፋት ማለቱ እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ። ዶክተሩ ወደ ሌላ አልጋ ሊዞር አንድ እግሩን አነሳ። እኔ እየደጋገምኩ ነው። ኖ ዎሽ። ኖ ዎሽ። መቆም ሲያቅተኝ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ አቶ ለማ ገባ። አራት ትናንሽ የመስታወት ሳህኖች በትሪ ይዟል። ሳህኖቹን አልጋዬ ላይ ደረደራቸውና ለዶክተሩ ይነግረው ጀመር። በአራቱም ሳህን ላይ ያው አንድ ነገር በቅሏል፤ ውሃ ላይ ድንጋይ ሲጣል እንደሚሰፋው ክብ፣ አንዱ ክብ ሌላውን እየከበበ። ሽታው የጠርሙሴ ሽታ ነው። ፕሮቲየስ ይባላል። የአራታችንም ፕሮቲየስ።

ዶክተሩ የድሬሰሩን እጅ ይዞ ገለበጠና መዳፉን አየ። ከዚያ መታጠቢያ ፍለጋ ዞር ዞር አለ። አጣ። በዚያ ክፍል ስንት ዘመን ዙር ሲዞር፣ መታጠቢያ እንደሌለው ያየው ያን ቀን ነው።

«ቱቦው ከገባልሽ ስንት ቀን ሆነው?» አለኝ። አሁን የሚያስተረጉመው ለማ ነው።

«አሥር።»

«ሁለት ቀን ነበር መቆየት የነበረበት» አለ።

ሳሙናው ከቁም ሣጥን ወጣ። ውሃ በሳፋ መጣ። ዶክተሩ እስከ ክርኑ ታጥቦ ቱቦዬን በገዛ እጁ አወጣው። ውጪው በነጭ ነገር ተጋግሯል፤ ሲጎተት እንደ ሞረድ ከረከረኝ። ጮህኩ። ከዚያ ወደ አዴ ከዲጃ ሄደ። አንሶላቸውን ገለጠ። ጠርሙሳቸው ባዶ ነበር። ቱቦው ተደፍኖ ሽንታቸው ሆዳቸውን ነፍቶታል። ከመቼ ጀምሮ? የሚያውቅ የለም። ማን አይቶ?

ቱቦውን ለወጠላቸው። መርፌ ተወጉ። ኩላሊታቸው ግን ደክሟል፤ ጀርሙም ደማቸው ውስጥ ገብቷል። በማግስቱ ሰው መለየት አቃታቸው። ላሞቻቸውን ይጠሩ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጠራኋቸው። አልመለሱልኝም። እጃቸውን ያዝኩ። ቀዝቅዟል።

የመጡት ለተሰበረ ዳሌ ነበር።

ለእኔ ስትሬፕቶማይሲን የሚባል መርፌ ጠዋትና ማታ፣ ክሎራምፌኒኮል የሚባል ኪኒን በየስድስት ሰዓቱ ታዘዘልኝ። በአራተኛው ቀን ብርዱ ቀረ። በስድስተኛው ቀን ጎኔን ነካሁትና አላመመኝም፤ ሽንቴ ጠርቶ ሲወርድ ባየሁ ጊዜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ረጃጅም ነበሩ፤ በቀለ ከኢተያ አጥሚት ይዞልኝ ይመጣል፣ ውሃ በላይ በላዩ እጠጣለሁ፣ ፀሐይ ስትሞቅ ግቢው ውስጥ ያለውን ግድግዳ ተደግፌ እየቆጠርኩ እራመዳለሁ፣ መጀመሪያ አሥር እርምጃ፣ ከዚያ ሃያ፣ ከዚያ እስከ አጥሩ ድረስና መልስ። ስትሬፕቶማይሲኑ ሚዛኔን ወስዶታል፤ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ መቆም አልችልም፣ ፊቴን ስታጠብ እንኳ አንድ እጄ ግድግዳ ይይዛል። ሕይወቴን ላተረፈ መድኃኒት ይህ ብዙ አይደለም። ሰው እጁን ቢታጠብ ኖሮ ግን መድኃኒቱም ባላስፈለገ ነበር።

ልወጣ ስል ዶክተሩ በለማ በኩል ይቅርታ ጠየቀኝ። «ወረቀት ሳይ እጅ ሳላይ ቀረሁ» አለኝ። ከልቡ ነበር። ይቅርታውን ተቀበልኩ። አቶ ለማ ግን እስከ በሩ ሸኝቶኝ ሲመለስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ነገረኝ። በአዴ ከዲጃ ወረቀት ላይ የሞታቸው ምክንያት ተጽፏል። እርጅና ነው የሚለው። የጻፈው ዶክተሩ ራሱ ነው።

ያኔ የያዘኝ ንዴት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ድሬሰሩ አላወቀም እንበል። ብቻውን ሆኖ ለመላው ሐኪም ቤት የሚሮጥ ሰው ነበር፤ ያስተማረው የለም፤ ሳሙናውን የቆለፈው እሱ አይደለም። ዶክተሩ ግን አውቋል። ሳህኖቹን በዓይኑ አይቷል። እኔ አፍ ስላለኝ ይቅርታ አገኘሁ፤ እሳቸው አፋቸው ስለተዘጋ እርጅና ተጻፈባቸው።

አቅም ሳገኝ ጮሌ ሄድኩ። እስከ አርሲ ሮቤ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በበቅሎ። በቀለ አብሮኝ ነበር፤ አንድ ጊዜ እንኳ ተመለሺ አላለኝም። የአዴ ከዲጃ ልጅ ራህማ ከበረት ወጥታ ተቀበለችን። እናትሽን እርጅና አልገደላቸውም ብዬ ጀመርኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ጣሳውን፣ ቱቦውን፣ ባዶውን ጠርሙስ። መጨረሻ ላይ የራሴን ነገርኳት። እናትሽ እጅህን ታጠብ ብለው ነበር፤ ተርጉሚ ስባል ዋሸሁ አልኳት።

ጠየቀችኝ፦ «እውነቱን ብትነግሪው ኖሮ ይታጠብ ነበር?»

«አላውቅም» አልኳት።

«እኔም አላውቅም» አለች። «ግን እናቴ እንደተናገረች አሁን አወቅኩ። ዝም ብላ የሞተች መስሎኝ ነበር።» ገብታ ወተት አመጣችልን። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኳት።

አሁን ለእናንተ። ከዚያ ወዲህ አቶ ለማንም ሌሎች ሐኪሞችንም ጠይቄ የተማርኩት ይህ ነው። ሐኪም ቤት ውስጥ የሽንት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከቱቦው ጋር ነው የሚመጣው። ከሁሉ የሚበዛው ኢ. ኮላይ ነው፤ በገዛ አንጀታችን የሚኖር፣ ቦታውን ሲስት የሚያሳምም። ክሌብሲኤላና ኢንተሮኮከስ የሚባሉትም ከዚያው ከአንጀት ይመጣሉ። የእኛው ፕሮቲየስ ሽንቱን ለውጦ ጠጠር ይሠራል፤ ቱቦ የሚደፍነው ለዚህ ነው። ፕሲዶሞናስ እርጥብ ነገር ይወዳል፣ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ያልደረቀ ዕቃ፤ መድኃኒትም ቶሎ አይበግረውም። ብዙ አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰው ላይ ደግሞ ካንዲዳ የሚባል ፈንገስ ይመጣል። ስማቸውን ባታስታውሱ ግድ የለም። የአብዛኞቹ መንገድ አንድ ነው፤ እጅና ዕቃ።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጠይቁ፤ ይህ ቱቦ ዛሬም ያስፈልገኛል? ጠርሙሱ ወይም ከረጢቱ ምንጊዜም ከፊኛችሁ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፣ መሬት ግን አይንካ። ሽንት መውረድ ካቆመ ተጣሩ፤ ነገ አትበሉ። ብርድና የጎን ሕመም ከመጣባችሁ ሽንቱ ይመርመር፣ ጀርሙም ይታወቅ በሉ፤ መድኃኒት ከታዘዘላችሁ ተሻለኝ ብላችሁ በመካከል አታቋርጡ። የሚነካችሁን ሰው፣ ዶክተርም ይሁን፣ መጀመሪያ ታጠብ በሉት። ይሉኝታ ለጤነኛ ሰው ነው። አጠገባችሁ የተኛው ሰው ቋንቋው የማይሰማለት ከሆነ ያለውን እንዳለ ተናገሩለት፣ አንዲት ቃል ሳታለሰልሱ።

አቶ ለማን አመሰግነዋለሁ፤ እየፈራም ቢሆን ትሪውን ይዞ ገብቷል። ያ ሰው ባይገባ ይህ ጽሑፍ አይኖርም። በቀለን አመሰግነዋለሁ። ዶክተሩንም ስለ እጁ አመሰግነዋለሁ። ስለ ጻፈው ግን ይቅር አላልኩትም፤ እኔ ላርመው የምችለው በዚህ ወረቀት ላይ ብቻ ነውና እነሆ አርሜዋለሁ። ከዲጃ፣ የጮሌ ገበሬ። ምክንያት፦ ፕሮቲየስ፣ በሰው እጅ።